የጋራ ሥራና የግል ድርሻ

ብዙኃኑ ለጋራ ጥቅም በአንድነት በሚነሣበት በማንኛውም እንቅስቃሴ ውስጥ ሊታለፍ የማይገባው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ከራሱ ጊዜና ጉልበት ቀንሶ ለሌላው የሚሰጠው ግለሰብ ነገም ተመልሶ እንዲመጣ የሚያደርገው ምንድን ነው የሚለው ነው። የቀረውን ሁሉ «ንቃት የጎደለው» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። መልሱ ቀላል ቢሆንም እውነቱን አያሳይም። ለዚህም በምሥራቅ ጎጃም የሚገኘውን የሮብ ገበያን አገር ተጨባጭ ሁኔታ መመልከት ይበጃል።

የዚህ አገር ገበሬ ለኅብረት ሥራ እንግዳ አይደለም። ጤፉን በወንፈል ያርማል፤ በደቦ ያጭዳል። ወንፈል በጥብቅ ሒሳብ የሚሄድ ነው። ቀኑ በቀን፣ ሥራው በሥራ ይመለሳል። ደቦ የጠራ ደግሞ ጠላና እንጀራ ያቀርባል። አቅም ላነሳቸው አረጋውያን ያለ ዋጋ የሚወጣውም ሰው ቢሆን ነገ እርሱም እንደሚደክም ያውቃል። የከተማው ዕድር አሠራርም ከዚሁ የተለየ አይደለም፤ በቀብር ላይ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። ለሐዘንተኛው ከልቡ የሚያዝን ሰው በመዝገቡ ሲቀየም አላየንም።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን በመቃወም የቢቸና፣ የሞጣና የዳሞት ገበሬ በአንድነት ሲነሣ ማንም አበል አልከፈለውም። ግብሩና የመሬት ልኬቱ ርስቱን የሚነካ ሆኖ ስለታየው የእያንዳንዱ ሥጋት የሁሉም ሥጋት ሆነ። መንግሥት ጦር ካዘመተ በኋላ እንኳ ውዝፉን ግብር ለመማር ተገደደ።

በኋላ የመጣው የእርከን ሥራ ግን በዚህ መንገድ አልሄደም። በ1970ዎቹ በገበሬ ማኅበራት አማካይነት በአገሪቱ ደጋማ ክፍሎች ሰፊ የእርከንና የደን ተከላ ዘመቻ ተካሂዷል። ምግብ ለሥራ በሚሰጥባቸው አካባቢዎች ለአንድ የሥራ ቀን 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይታሰብ ነበር። የሚለካው የተቆፈረው ሜትር ነው፤ ዛፉ የማን እንደሚሆን ግን በግልጽ አልተነገረም። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፤ የጋራው ደን ተጨፈጨፈ። ያፈረሰውም በአብዛኛው የገነባው ገበሬ ራሱ ነበር።

ይህን ድንቁርና ማለት ስሕተት ነው። እርከን ጠባቡን ማሳ ይበልጥ ያጠብባል፤ በሬ ለማዞር ያስቸግራል፤ የአይጥ መሸሸጊያ ይሆናል። ጥቅሙ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ሲሆን፣ ማሳው ያን ጊዜ የእርሱ መሆኑን ገበሬው እርግጠኛ አልነበረም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግም ጥርጣሬው ከንቱ እንዳልነበረ አሳይቷል። ከዚህም በላይ ነገሩ በአንድ ሰው ትጋት የሚያልቅ አይደለም። የላይኛው ገበሬ ውኃውን ካላሰረ የታችኛው እርከን በአንድ ክረምት ይናዳል። አዝመራው ሲሰበሰብ ከብቱ በሁሉም ማሳ ላይ ስለሚለቀቅ፣ አንዱ ከብቱን ቢያስር የእርሱን ችግኝ የጎረቤቱ ከብት ይበላዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ሎሚውን ማን እንደሚበላው ግን ተረቱ አይናገርም!

መፍትሔው በከፊል ታይቷል። በ1990ዎቹ በዚያው በምሥራቅ ጎጃም፣ በጎዛምን ወረዳ በሙከራ የተጀመረው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሲዳረስ፣ ደብተር የያዘው ገበሬ በማሳው ላይ ለአፈር ጥበቃ የበለጠ እንደሚደክም በክልሉ የተደረገ ጥናት አረጋግጧል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ለዓመታት በተካሄደው የተፋሰስ ዘመቻ ገበሬው ያለ ክፍያ በብዛት መውጣቱም የሚመሰገን ነው። የአቆጣጠሩ ጉድለት ግን አብሮ ቀጥሏል። ሪፖርቱ ስለተቆፈረው ያትታል፤ ስለቆመው ዝም ይላል።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተገልጿል። ያ ቁጥር የተከላው ቀን ቁጥር ነው። ችግኙን ከዝናቡ በኋላ በጥቅምት፣ ከብቱ ሲለቀቅም በታኅሣሥ ሄዶ የሚቆጥር፣ የተካዩን ስም ከጸደቀው ችግኝ ጋር መዝግቦ በጉባኤ ፊት የሚያነብ፣ ከብቱን የለቀቀውንም የሚጠይቅ ኮሚቴ በየቀበሌው ማቋቋም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የየዕድሩ ጸሐፊ በየወሩ የሚሠራው ይህንኑ ነው።