በአደባባይ የሚተከል የጥበቃ ካሜራና የሰው የግል መብት

በዛሬው ጊዜ በታላላቅ ከተሞች መንግሥት በአደባባይና በጎዳና ላይ የጥበቃ ካሜራ ያኖራል። ነጋዴውም በበኩሉ ሱቁንና መጋዘኑን ከሌባ ለመጠበቅ በበሩ ላይ ይሰቅላል። ጥቅሙ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ካሜራ ሌባውን ብቻ ለይቶ የሚያይ ስላልሆነ፣ በዚያ የሚያልፈው ሰላማዊ ሰው ሁሉ መልኩ ይቀረጻል። ስለዚህ የተቀረጸው ምስል ለማን ሊታይ እንደሚገባ ማወቅ ለሹማምንት ብቻ ሳይሆን ለነጋዴም አስፈላጊ ነው።

በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በብሬንትውድ ከተማ የሆነው ነገር ጉዳዩን በሚገባ ይገልጸዋል። በብርቱ ጭንቀት ላይ የነበረ አንድ ሰው ቢላዋ ይዞ በሌሊት በጎዳና ሲሄድ በከተማው ምክር ቤት ካሜራ ታየ። ተቈጣጣሪው ለፖሊስ ስላስታወቀ ፖሊሶች ደርሰው ቢላዋውን ተቀበሉት፤ ሕክምናም አገኘ። እስከዚህ ድረስ ካሜራው መልካም ሥራ ሠራ።

ከዚያ በኋላ ግን ምክር ቤቱ የካሜራውን ጠቃሚነት ለሕዝብ ለማስረዳት ሲል ምስሉን ለጋዜጣና ለቴሌቪዥን ሰጠ። የሰውየው ፊት በሚገባ ስላልተሸፈነ የሚያውቁት ሁሉ ለዩት፤ በወንጀል ሳይከሰስ እንደ ወንጀለኛ ታየ። በአገሩ ዳኞች ዘንድ አቤቱታው ባይሳካለትም፣ በስትራስቡርግ የሚገኘው የኤውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2003 ዓ.ም. ፈረደለት። የፍርዱም ምክንያት፣ በጎዳና ለአላፊ አግዳሚ መታየትና ያው ተቀርጾ ለብዙ ሕዝብ መሠራጨት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ምክር ቤቱ አስቀድሞ የሰውየውን ፈቃድ ሊጠይቅ፣ ወይም ፊቱን በሚገባ ሊሸፍን ይችል ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል፤ በአንቀጽ 28 ደግሞ ለፍርድና ለፖሊስ ሥራ የሚያስፈልገውን ከዚህ ክልከላ ነጻ ያደርጋል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መብት አረጋግጦ፣ የመንግሥት ባለሥልጣኖች ይህን መብት ሊገድቡ የሚችሉት አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በተለይ በወጣ ሕግ መሠረት ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ፣ ስለ ሰው የተሰበሰበ መረጃ ለተሰበሰበበት ጉዳይ ብቻ እንዲውልና ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቀመጥ ያዛል።

እንግዲህ ካሜራ የሰቀለ ነጋዴ የሚከተሉትን ቢጠብቅ ይጠቀማል። አንደኛ፣ ካሜራ መኖሩን የሚገልጽ ጽሑፍ በበሩ ላይ ይለጥፍ። ሁለተኛ፣ ካሜራውን ወደ ሱቁ እንጂ ወደ ጎረቤት ቤት አያዙር። ሦስተኛ፣ ምስሉን የሚያይ አንድ ኀላፊ ሰው ይመድብ፤ የማያስፈልገውንም በጊዜው ያስጠፋ። አራተኛ፣ ዕቃ ቢሰረቅበት ምስሉን ለፖሊስ ያስረክብ እንጂ «ሌባ» ብሎ በኢንተርኔት አይበትን። የተጠረጠረው ሰው ዕዳውን የከፈለ ደንበኛ ሆኖ ቢገኝ፣ የጠፋው ዕቃ ይተካ ይሆናል፤ የሰው ስም ግን በቀላሉ አይተካም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የተባለው ለምስልም ይሠራል።