ኢዮቤልዩ የተባለ የፈረስ ስም

ሙጃ ላይ፣ በላስታ ደጋ ሁሉ ያላችሁ፣ እስቲ ዛሬ ስለ አንድ ስም እንነጋገር።

በአገራችን ጌታው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። የጦርና የሥልጣን ስሞች ናቸው። አሁን ግን ሌላ የፈረስ ስም ስሙ፦ ኢዮቤልዩ።

በኔዘርላንድስ አካል ጉዳተኞችን ፈረስ የሚያስጋልብ ድርጅት አለ፤ ስሙ በዴንማርካዊቷ ሊስ ሃርቴል ተሰይሟል። ለምን? ሊስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1944 ነፍሰ ጡር ሳለች ፖሊዮ ያዛትና ከጉልበቷ በታች ሽባ ሆነች። በ1952 ግን በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ከወንዶች ጋር ተወዳድራ የብር ሜዳልያ አገኘች። ፈረሱ ላይ የሚያወጣትና የሚያወርዳት ሰው ያስፈልጋት ነበር። የፈረሷ ስም ታዲያ ኢዮቤልዩ ነበር።

ዘሌዋውያን 25ን ክፈቱ። በ50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋል፤ ባሪያው ነጻ ይወጣል፤ የተሸጠው ርስት ለባለቤቱ ይመለሳል። ኢዮቤልዩ ማለት ይኸው ነው፦ ነጻ ወጥቶ ወደ ወገን መመለስ።

ልብ በሉ፤ የሊስ እግር አልዳነም። ነጻ የወጣችው ግን ተሸክመዋት ነው። ፈረስ ሲራመድ የተቀመጠውን ሰው ዳሌ ልክ በእግሩ እንደሚሄድ ያወዛውዘዋል፤ በዚህም ሰውነት ሚዛን መጠበቅን ይማራል። ለዚህ ሥራ የተገራ ፈረስ፣ በግራና በቀኝ የሚደግፍ ሰው፣ የሠለጠነ ባለሙያም ያስፈልጋል።

እዚህ እንዲህ ያለ ማዕከል ባይኖርም ስሙ ይጠይቀናል። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምትደብቁት ልጅ አለ? «እምነት ቢኖርህ ትድን ነበር» ብላችሁ ያቆሰላችሁት ወንድም አለ? ሜምፊቦስቴ ሁለት እግሩ ሽባ ነበረ። ዳዊት «መጀመሪያ ዳንና ና» አላለውም፤ እንደ ልጁ ከማዕዱ አቀረበው። እግሩ እንደዚያው ነበር፤ ቦታው ግን የንጉሥ ገበታ ሆነ።

ስለዚህ ለመፈወስ ጸልዩ፤ መልካም ነው። እስኪፈወስ ድረስ ግን አታስቀሩት። ለሰርግም፣ ለአምልኮም፣ ለትምህርት ቤትም በቅሎ ጫኑለት፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ደግፉት። በቤታችሁ መለከቱ የሚነፋው ያን ቀን ነው።

ጌታ ይባርካችሁ።