የዊልቸር ገፊው ሥራና የመንገደኛው ወግ

በአውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ አረጋዊውንና ድኩሙን መንገደኛ በዊልቸር እየገፋ ከበር እስከ በር የሚያደርሰው ሠራተኛ የተሸከመው ተግባር፣ ከሩቅ ለሚያየው ቀላል ቢመስልም፣ በሕግና በሰዓት መካከል የተጣበበ፣ ብዙ ትዕግሥትም የሚጠይቅ ተልእኮ ነው። በአሜሪካ በ1986 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ይህን አገልግሎት ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ የአየር መንገዱ ሲሆን፣ በአውሮፓ ኅብረት ግን የ2006ቱ ደንብ ግዴታውን ለማረፊያው አስተዳዳሪ ሰጥቶ፣ መንገደኛው ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት እንዲያስታውቅ ይጠይቃል።

ጠያቂዎቹ ሁሉ በአንድ ማዕርግ አይቆጠሩም፤ ደረጃ እየቻለ ረጅም መንገድ የሚያደክመው አንድ ነው፣ ደረጃ የማይሆንለት ሌላ ነው፣ እስከ መቀመጫው ድረስ ካልተደገፈ የማይንቀሳቀሰው ደግሞ ሦስተኛ ነው። ለዚህ ለሦስተኛው፣ ትልቁ ዊልቸር በወንበሮቹ መካከል ስለማያልፍ፣ ጠባቡ ወንበር ይመጣለታል፤ አንዱ ሠራተኛ ከኋላ በብብቱ፣ ሁለተኛው ከፊት በጉልበቱ ይዘው፣ ቈጥረው እኩል ያነሡታል፣ ቀበቶውንም ደረቱ ላይ ያስሩለታል። የሚያመውን ስፍራ መንገደኛው አስቀድሞ መናገር፣ ሠራተኛውም ሳይጠይቅ እጁን አለማስቀደም የሚገባቸው በዚህ ጊዜ ነው፤ ሻንጣውን ታቅፎ ከኋላ የሚያጉረመርመው ጤነኛ ግን፣ በዐቢይ ጾም የመፃጉዕን ወንጌል በየዓመቱ የሚሰማ ከሆነ፣ ምን ሰምቶ እንደሚመለስ እንጃ።

ጠቡ በአብዛኛው የሚነሣው ከመጠበቅ ነው። አስቀድሞ የገባው ባለ ዊልቸር ሲወርድ ብዙውን ጊዜ የመጨረሻ ስለሚሆን፣ ሌላ በረራ የሚይዝ ከሆነ ይጨነቃል፤ ቍጣውም ያላዘገየውን ገፊ ያገኘዋል። ለባልደረባ ተላልፎ ሲቆይም እንደ ተረሳ ይሰማዋል፤ የአሜሪካው ደንብ በራሱ መንቀሳቀስ የማይችለውን ሰው በወንበር ላይ ከ30 ደቂቃ በላይ ብቻውን መተውን ስለሚከለክል፣ ይህ አቤቱታው መሠረት አለው። በመንገድ ላይ ባለ መጸዳጃ ቤት ደጃፍ ለጥቂት ጊዜ እንዲያቆሙት መጠየቅም መብቱ ነው፤ በሽቶ መደብር ማዞር ግን ከገፊው ግዴታ ውጭ ነው።

በዋሽንግተኑ ደለስ ማረፊያ ከገፊዎቹ መካከል ኢትዮጵያውያን አይታጡም። ከቦሌ የመጡ እናት ድንገት አማርኛ ሰምተው «ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ» ሲሉት ድካሙ ይቀልለታል፤ ወዲያው ግን ያው ዝምድና ሌላ ሥራ ይዞ ይመጣል፤ ስልክ ደውልልኝ፣ የጎረቤቴንም ሻንጣ አንሣላት፣ ልጄ እስኪመጣ አብረኸኝ ቁም ይባላል። «እማማ፣ ሌላ በረራ እየጠበቀኝ ነው» ቢል ፈረንጅ ሆነሃል ተብሎ ይወቀሳል። በማያውቁት አገር የወረዱት እናት ቢያዝኑ አይፈረድባቸውም፤ ይህን ሁሉ ማስረዳት የነበረበት ቲኬቱን የቆረጠው ልጅ ነው። ገፊው እስከ የት እንደሚያደርሳቸው፣ ማን በየትኛው በር እንደሚቀበላቸው ከስልክ ቍጥሩ ጋር በወረቀት ጽፎ ቢያስይዛቸው፣ ክርክሩ ገና ቦሌ ሳሉ ባለቀ ነበር።