ባለቤቱ ያልተጠየቀበት ውል

በዓለም ፖለቲካ «የተጽዕኖ ክልል» የሚባለው፣ አንድ ኃያል መንግሥት ከግዛቱ ውጭ ባለ አገር ላይ የቀዳሚነት ጥቅም ይገባኛል ብሎ፣ ሌሎች ኃያላን መንግሥታትም ይህንኑ እንዲቀበሉለት የሚያደርግበት አሠራር ነው። ነገሩ በንግድ ቋንቋ ቢገለጥ፣ ሁለት ነጋዴዎች የሦስተኛውን መደብር ባለቤቱን ሳይጠይቁ «ጨርቁ ያንተ፣ ጨው የእኔ» ብለው እንደሚከፋፈሉ ያለ ነው።

ምሳሌው ከጂንካ የራቀ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር ማርች 24 ቀን 1891 እንግሊዝና ኢጣሊያ በሮም ተፈራርመው፣ የተጽዕኖ ክልላቸውን ከጁባ ወንዝ በ6ኛው የሰሜን ኬክሮስ እስከ 35ኛው ኬንትሮስ በሚደርስ መስመር ለዩ። በስተሰሜን ያለው ለኢጣሊያ፣ በስተደቡብ ያለው ለእንግሊዝ ሆነ። ጂንካ ዛሬ የምትገኝበት ስፍራ ከ6ኛው ኬክሮስ ጥቂት ወደ ደቡብ በመሆኑ፣ በወረቀት ላይ ለእንግሊዝ ደርሶ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በዚያው ዓመት ለአውሮፓ መንግሥታት በላኩት ደብዳቤ የግዛታቸውን ወሰን አስታወቁ። በ1896 የዓድዋ ድል የኢጣሊያን ክፍል ከንቱ አደረገው። በ1898 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር እስከ ሩዶልፍ፣ ማለትም እስከ ዛሬው የቱርካና ሐይቅ ዘለቀ። በ1907 ኢትዮጵያና እንግሊዝ በተዋዋሉት የወሰን ውል መስመሩ ከ6ኛው ኬክሮስ ርቆ ወደ ደቡብ ወረደ። በዚህ ሁሉ ግን፣ በሮምም ይሁን በአዲስ አበባ፣ የአሪንና የሐመርን ሕዝብ ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም።

ክፍፍሉ ግን መልኩን ለወጠ እንጂ አልቀረም። በዲሴምበር 13 ቀን 1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በሎንዶን ሲዋዋሉ፣ የኢትዮጵያን ነፃነት እንጠብቃለን እያሉ፣ የነበረው ሁኔታ ቢናጋ ግን እንግሊዝ የዓባይን ተፋሰስ፣ ፈረንሳይ የጅቡቲን ባቡር መስመር፣ ኢጣሊያ ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኘውን ምድር ጥቅማቸው አድርገው ያዙ። ምኒልክም አመስግነው፣ ውሉ የሉዓላዊነት መብታቸውን ከቶ እንደማይቀንስ በጽሑፍ መለሱ። በ1925 እንግሊዝና ኢጣሊያ ስለ ጣና ግድብና ስለ ባቡር ሐዲድ እንደገና ሲስማሙ፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1926 ለመንግሥታት ማኅበር አቤቱታ አቀረቡ፤ ሁለቱም መንግሥታት ኢትዮጵያን ለማስገደድ አላሰብንም ለማለት ተገደዱ።

ከዚህ ለነጋዴ የሚሆነው ትምህርት ግልጽ ነው። የተጽዕኖ ክልል የሚጀመረው በሰንደቅ ዓላማ ብቻ አይደለም፤ በወደብ፣ በባቡር፣ በብድርና «ከእኔ በቀር ከሌላ አትግዛ» በሚል ውልም ነው። ስለዚህ አስመጪም ሆነ ላኪ ከመፈረሙ በፊት ዋጋውን ብቻ ሳይሆን፣ ነገ ከማን ጋር እንዳይነግድ እንደሚከለከል ጭምር መመርመር ይገባዋል።