ቁጥሩን በዐይን ፊት የሚያሳየው የጠላቂዎች ጭንብል

ወደ ባሕር ጥልቅ የሚወርድ ሰው ኹለት ነገር ሳያውቅ ሊቈይ አይገባውም፤ ይኸውም ምን ያህል እንደ ወረደና ምን ያህል አየር እንደ ቀረው ነው። ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የተባሉት ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1943 አየርን በጀርባ ተሸክሞ እንደ ልብ ለመዋኘት የሚያስችለውን መሣሪያ ከሠሩ ወዲህ፥ ጠላቂ ከመርከብ ከሚወርደው ቱቦ ነጻ ወጥቷል። ነገር ግን በጀርባ የተሸከሙት አየር የተቈጠረ አየር ነውና፥ ነጻነቱ ሒሳብን አስከተለበት።

ሒሳቡም ቀላል አይደለም። ውሃ በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨምራል። ስለዚህ በ30 ሜትር ጥልቀት ያለ ሰው ከገጹ ላይ ካለው 4 እጥፍ ግፊት ይጫነዋል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽም 4 እጥፍ አየር ይጨርሳል። ከላይ ለ1 ሰዓት የሚበቃው አየር ከታች ለ15 ደቂቃ ብቻ ይበቃል። ከዚህም በላይ በግፊቱ ብዛት ናይትሮጅኑ አእምሮን እንደ ጠጅ ያፈዛል፤ ጠላቂው ቸኵሎ ቢወጣ ደግሞ በደሙና በሥጋው የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ ኾኖ ሽባ ሊያደርገው፥ ሊገድለውም ይችላል።

ለዚህ ኹሉ ጠላቂው በእጁ አንጓ ላይ ኮምፒዩተር፥ በቱቦ ጫፍም የአየር መለኪያ ይይዛል። በጠራ ውሃ ይህ በቂ ነው። የክረምቱን ዐባይ ያየ አንባቢ ግን የደፈረሰ ውሃ ምን እንደሚመስል አያጣውም፤ በእንዲህ ያለ ውሃ መለኪያውን ከመስተዋቱ ላይ ቢለጥፉት እንኳ ማንበብ ይቸግራል። ኹለት እጁ ገመድና መሣሪያ የያዘ ሠራተኛስ በየትኛው እጁ ያነሣዋል?

መልሱ ከተዋጊ አውሮፕላን ተገኘ። አብራሪው አንገቱን ሳይደፋ ፍጥነቱንና ከፍታውን በፊቱ ካለው መስተዋት እንዲያነብ የተደረገው ቀደም ብሎ ነበር። ለጠላቂ ግን ነገሩ ከባድ ነው፤ ማሳያው ከዐይኑ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ይርቃልና። አንባቢ ጣቱን ወደ ሽፋሽፍቱ አስጠግቶ ይሞክረው፤ ጣቱ ደብዝዞ ይታየዋል። ስለዚህ በዐይንና በማሳያው መካከል ምስር ይገባል። ምስሩ ብርሃኑን ከሩቅ እንደ መጣ አድርጎ ስለሚያስተካክለው፥ ቁጥሩ ከፊት ለፊት በውሃው ውስጥ የተንጠለጠለ ይመስላል። የአየሩ መጠን የሚደርሰው በሬዲዮ ነው። ሬዲዮ በውሃ ውስጥ ሩቅ አይሄድም፤ ደግነቱ ከጀርባ እስከ ራስ ያለው ርቀት አጭር ነው!

ኦሺያኒክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ዳታማስክ» ባለው ጭንብሉ ማሳያውን ከታች ጥግ ላይ አኖረው። ስኩባፕሮ ደግሞ በተራ ጭንብል ላይ የሚገጠም ሠርቷል። ከኹሉ ይልቅ እኛን የማረከን ግን በፍሎሪዳ፥ ፓናማ ሲቲ ያለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ማእከል እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ያደረገው፥ ራስን ኹሉ በሚሸፍን የጠላቂ ቈብ ውስጥ የሚገጠመው ማሳያ ነው። ይህ ቁጥር ብቻ አያሳይም፤ በድምፅ ሞገድ የሚሠራው ሶናር የሚስለውን ሥዕል፥ ከላይ የሚላከውን ጽሑፍና ንድፍ ጭምር ያቀርባል። በጨለማ ውሃ ውስጥ ከላይ የሚነገረውን ድምፅ እየሰማ በእጁ ሲዳብስ የኖረ ጠላቂ፥ አኹን የሚፈልገው ነገር በየት በኩል እንዳለ ያያል።

ስለዚህ የመሣሪያው ዋጋ በደፈረሰው ውሃ ነው እንላለን። በቀይ ባሕር የጠራ ውሃ ዓሣ ለማየት ለሚወርድ አገር ጐብኚ እንዲህ ማስፈለጉን ግን እንጠራጠራለን። ዘወትር በፊት የሚቆም ቁጥር ከቢሮ ግድግዳ እንደ ተሰቀለ ሰዓት ነው፤ ዐይን ሲለምደው ማየቱን ይተዋል። ናይትሮጅን ያፈዘዘውም አእምሮ ቁጥሩን እያየ ትርጉሙን ሊስት ይችላል። ባትሪም ያልቃል። ብዙ ጠላቂዎች ጭንብሉን ቢገዙም የቀድሞውን መለኪያ ከጐናቸው የማይለዩት፥ 50 ባር አየር ሳይጐድል ከውሃው ገጽ ለመድረስም በእርሱ ጭምር የሚያረጋግጡት ስለዚህ ነው።