ድር ሲያብር ማንን ያስራል? የባቡር ውህደት ጥያቄ በሃይፋ መነጽር

የባቡር ድርጅቶች ይዋሃዱ በተባለ ቁጥር ክርክሩ አንድ ነው፤ ደጋፊው «ወጪ ይቀንሳል» ይላል፣ ተቃዋሚው «ነጋዴው አማራጭ ያጣል»። ሁለቱን ለመመዘን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ የሚዋሃዱት ጎን ለጎን የሚፎካከሩ ናቸው ወይስ አንዱ ካቆመበት ሌላው የሚቀጥል የሚለው ነው።

ስለ ተፎካካሪዎች ውህደት ታዋቂው ፍርድ የአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ጄ. ፒ. ሞርጋንና ጄምስ ሂል ግሬት ኖርዘርንና ኖርዘርን ፓሲፊክ የተባሉትን ባቡሮች በአንድ ኩባንያ ሥር አደረጓቸው። መንግሥት ከሰሰ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1904 በ5 ለ4 ድምፅ ውህደቱን አፈረሰ። በኋላ ሕጉ ተለውጦ ውህደትን የመመዘን ሥልጣን ለተቆጣጣሪ ኮሚሽን ተሰጠ፤ በ1970 ያው ፍርድ ቤት የኮሚሽኑን ውሳኔ ተቀብሎ የሁለቱን ባቡሮች ውህደት ፈቀደ።

በእስራኤሏ የወደብ ከተማ በሃይፋ የታየው የወደብና የባቡር ውህደት ግን ከሁለተኛው ዓይነት፣ አንዱ ካቆመበት ሌላው ከሚቀጥለው ነው። በ1905 የሂጃዝ ባቡር ቅርንጫፍ ሃይፋ ሲደርስ የደቡብ ሶርያው የሐውራን እህል የባሕር በር አገኘ፤ ዘመናዊው ወደብ በ1933 ተከፈተ። ባቡሩ ያመጣውን መርከቡ ይቀበላል። በ1988 እስራኤል ወደቦቿንና ባቡሯን በአንድ ባለሥልጣን ሥር አዋሐደች። በ2003 ግን ባቡሩ ራሱን የቻለ የመንግሥት ኩባንያ ሆነ፤ በ2005 ወደቦቹም ለየብቻ ተቋቋሙ። በ2021 የሻንጋይ ኩባንያ የሚያስተዳድረው አዲስ ወደብ በሃይፋ ሥራ ጀመረ፤ ነባሩ በ2023 ለሕንዱ አዳኒና ለእስራኤሉ ጋዶት በ4.1 ቢሊዮን ሸቀል ተሸጠ። ዛሬ የሃይፋ አስመጪ አንዱ ወደብ ቢያጉላላው ሌላው አለለት።

ይህ ለኢትዮጵያ ሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የመርከብ፣ የማሪታይምና ትራንዚት እንዲሁም የደረቅ ወደብ ድርጅቶቻችን አንድ ሆነዋል፤ የጅቡቲውንም ባቡር ከጎረቤታችን ጋር በጋራ ይዘናል። ከመርከብ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃን በአንድ ሰነድ ማስኬድ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን አንዱ ሲዘገይ ሁሉም ይዘገያል፤ ታሪፉ ሲወደድም የሚዞሩበት ሌላ በር ጠባብ ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለን አድገናል። መተባበር ኃይል መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ያበረው ድር ማዳበሪያ የሚጠብቀውን ገበሬ እንዳያስር፣ አማራጭ በሌለበት ቦታ ታሪፉን የሚመረምርና አቤቱታ የሚሰማ ገለልተኛ ዳኛ ከውህደቱ ቀድሞ መቆም አለበት።