ከረዳትነት እስከ መሪ፤ የሞተር ሙያ የሚተላለፍበት መንገድና የትምህርት ቤት ድርሻ

ይጁቤ ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ የምትገኝ የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው ጤፍና ስንዴ ከሚበቅልበት ደጋ ተነሥቶ በስተ ደቡብ ወደ ዐባይ በረሃ ያዘቀዝቃል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚኖር አንድ ተማሪ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ሲሄድ አያሌ ሞተሮችን ያልፋል። ወፍጮ ቤቱ ገና ከሩቅ ይሰማል፤ ባጃጁ በአጠገቡ ይሽቀዳደማል፤ እህል የጫነ አይሱዙ ወደ ደብረ ማርቆስ ይጓዛል፤ ክረምት ካለፈ በኋላም መንገድ የሚጠርግ ግሬደር ብቅ ይል ይሆናል። እነዚህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ሙያቸውን ከየት ተማሩ? ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከጥቂቶቹ በቀር መልሱ «ከትምህርት ቤት» አይሆንም። ይህ ጽሑፍ የሞተር ሙያ በአገራችን በምን መንገድ ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ፣ የሙያው ቋንቋ ከየት እንደመጣና በመማሪያ ክፍሉና በጋራዡ መካከል ያለው ክፍተት የት ላይ እንደሆነ ለመግለጽ ይሞክራል።

ነገሩን ከአንድ ቃል መጀመር ይቻላል። «ባቡር» የሚለው ቃል በከተማ በሐዲድ ላይ የሚሄደውን ማጓጓዣ ብቻ ያመለክታል። በገጠር ግን የእህል ወፍጮውም ባቡር ነው። ቃሉ በመሠረቱ «እንፋሎት» ከሚል የአውሮፓ ቃል የመጣ ሲሆን፣ በአንድ ወቅት በራሱ ኃይል የሚንቀሳቀስ ማናቸውም መሣሪያ በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። በ1890ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ ገደማ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ለዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» የተባለው ስለዚህ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል የተረከቡት ደግሞ በ1900 ዓ.ም እንግሊዛዊው ቤንትሊ ከጅቡቲ ወደብ እየነዳና እያስጎተተ አዲስ አበባ ካደረሰው በኋላ ነበር። ሕዝቡ ለአዲሱ ነገር ስም ያወጣው ባየው ሥራ እንጂ በመጽሐፍ ባነበበው ትርጓሜ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ስሞች ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። መሣሪያውን ይዞ የመጣው ድርጅት ቋንቋውንም ይዞ መጥቷል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲደርስ የኩባንያው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። «ለገሃር» የሚለው የሰፈር ስም የዚያ ዘመን ቅርስ ነው፤ «ሾፌር» እና «ጋራዥ»ም ፈረንሳይኛ ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በነበረው ወረራ ጊዜ በርካታ የጭነት መኪናዎች ገቡ፤ ከነጻነት በኋላም መካኒክ የሆኑ አያሌ ጣሊያኖች እዚሁ ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ። የጎጃም መንገድም ሆነ የሌላው ጠቅላይ ግዛት መንገድ በፊያት መኪናዎች የተሞላበት ዘመን ረዥም ነበር። «ትሬንታ ኳትሮ» እና «ኤንትሬ» የተባሉት የጭነት መኪናዎች ስም እስከ ዛሬ በሽማግሌ ሾፌሮች አንደበት አለ። በ1943 ዓ.ም የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድርና በአሜሪካውያን ባለሙያዎች እርዳታ ሲቋቋም ደግሞ «ግሬደር»፣ «ዶዘር»፣ «ፎርማን»፣ «ካምፕ»፣ «ኦፕሬተር» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት በየመንገዱ ዳር ተተከሉ።

ከነዚህ ሁሉ ግን በሥር የሰደደው የጣሊያንኛው ነው። አንድ መካኒክ ሞተር ሲፈታ ብሎንና ዳዶ በመፍቻ፣ ቪቴውን በካቻቢቴ ያላላል፤ ኮፈኑን ከፍቶ ቴስታታውን ያነሣል፤ ኩሽኔታው አልቆ እንደሆነ በእጁ እያዞረ ይመረምራል። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ሰልባትዮ፣ ፓራፋንጎ፣ ፖርቶመጋላ፣ ቸርኬ፣ ጎማ፣ ሁሉም ከዚያው የመጡ ናቸው። ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ነው፤ ብረት የሚቀርጸው መሣሪያ ቶርኖ ነው። (ፍሬንና ማርሽ ከጣሊያንኛም ከፈረንሳይኛም ሊመጡ የሚችሉ ስለሆኑ ለማን እንደሚሰጡ መወሰን ያስቸግራል።) ከዚህ ሁሉ የባዕድ ቃል መካከል «መሪ»፣ «መፍቻ» እና «ነዳጅ» ንጹሕ አማርኛ ሆነው መቆየታቸው የሚያስደስት ነው።

እንግዲህ በዚህ ቦታ ላይ የመምህሩ ችግር ይጀምራል። ተማሪው በአንደኛ ደረጃ ሳይንስን በአማርኛ ይማራል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ፊዚክስን በእንግሊዝኛ ያገኘዋል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በ1970ዎቹ ዓ.ም ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ቃላት የአማርኛ አቻ ለማግኘት ሰፊ ጥረት አድርጓል፤ ነገር ግን ጋራዡ የአካዳሚውን ቃል አልጠበቀም። ስለዚህ አንድ ወጣት ለአንዲት ክፍል ሦስት ስም ሊገጥመው ይችላል፤ አንዱ በመማሪያ መጽሐፉ፣ አንዱ በመዝገበ ቃላት፣ አንዱ በጋራዡ። ሦስቱ ስሞች የአንድ ነገር መሆናቸውን የሚነግረው ሰው ካላገኘ፣ በፈተና ጥሩ ውጤት ያመጣው ልጅ በጋራዥ እንደ ደንቆሮ ይቆጠራል፤ በጋራዥ የተመሰከረለት ደግሞ ወረቀት ሲቀርብለት እጁ ይታሰራል።

በጋራዥና በመንገድ ላይ ያለው ትምህርት ሥርዓት የሌለው አይደለም። የጭነት መኪና ሥራ በልማድ ሦስት ወገን አለው፤ ባለንብረቱ፣ ሾፌሩና ረዳቱ። ባለንብረቱ ብዙ ጊዜ መሪ ጨብጦ የማያውቅ ነጋዴ ነው። ሾፌሩ ለመኪናውም ለጭነቱም ኃላፊ ነው። ረዳቱ ከሁሉ በፊት የሚነሣና ከሁሉ በኋላ የሚተኛ ነው። ውኃና ዘይት ይመለከታል፣ ጎማ ይፈታል፣ ክሪክ ያስገባል፣ ዳገት ላይ መኪና ሲቆም ታኮ ያደርጋል፣ ጭነት ያስራል፣ ሌሊት መኪናው ሥር ወይም ጋቢና ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። የሚማረው በማየት ነው፤ ጥያቄ ማብዛት እንደ ድፍረት ይቆጠርበታል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሾፌሩ ሲደክመው ወይም ደስ ሲለው፣ ሜዳ ላይ መሪውን ይሰጠዋል። ይህ ቅጽበት የምረቃ ያህል ነው። ሆኖም ቀኑ አስቀድሞ የሚታወቅ አይደለም፤ በሾፌሩ ጠባይ ላይ የተመሠረተ ነው። አንዱ በሁለት ዓመት የሚደርስበትን ሌላው በስምንት ዓመት ላያገኘው ይችላል።

ይህ ትምህርት ምን ያህል ጥልቀት እንዳለው ለማየት የዐባይን ቁልቁለት መመልከት ይበቃል። ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን ሲሻገር ወደ 40 ኪሎ ሜትር በሚሆን ጠመዝማዛ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ማናቸውም ልምድ ያለው ሾፌር ለረዳቱ የሚያስተላልፈው ደንብ፣ ዳገቱን በሚወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን እንዲወርድ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎም ዜሮ ማርሽ እንዳያደርግ ነው። ረዳቱ ደንቡን ያውቃል፤ ምክንያቱን ግን ብዙ ጊዜ አይነገረውም።

ምክንያቱ በክፍል ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊሰላ የሚችል ነው። 10,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ፣ የመሬት ስበትን በግምት 10 ብንይዝ፣ የሚለቀው ጉልበት 100 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። ይህም 300 ሊትር ያህል ውኃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። ፍጥነቱ እንዳይጨምር ከተፈለገ ይህ ሁሉ ሙቀት ሆኖ የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። ሾፌሩ በፍሬን ብቻ የሚይዝ ከሆነ ሙቀቱ በፍሬን ሸራና በታምቡሩ ላይ ይከማቻል፤ ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል ሰበቃው ይቀንሳል፤ እግር ቢረግጥም መኪናው አይቆምም። በዝቅተኛ ማርሽ ሲወርድ ግን ጎማው ሞተሩን እየገፋ ያዞረዋል፤ ሞተሩ ዐየር እየሳበና እየጨመቀ ስለሚዞር መኪናውን ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ ሙቀቱም በከፊል በራዲያተሩና በማርሚታው ይወጣል። ዜሮ ማርሽ ማለት ይህን ረዳት ኃይል በፈቃድ ማሰናበት ነው።

በተመሳሳይ መንገድ፣ ረዳቱ የጋለ ራዲያተር ክዳን በድንገት እንዳይከፍት ይጠነቀቃል። 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በደብረ ማርቆስ አካባቢ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ውስጡ ያለው ውኃ ከዚያ በላይ ሞቆ እንኳ ሳይፈላ ይቆያል፤ ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ ስለሚወርድ ውኃው ባንድ ጊዜ ፈልቶ ፊት ላይ ይተፋል። አንድ የፊዚክስ መምህር ስለ ግፊትና ስለ መፍያ ነጥብ ሲያስተምር ይህን ምሳሌ ቢጠቅስ፣ በክፍሉ ውስጥ አጎቱ ሾፌር የሆነ ልጅ ሳይኖር አይቀርም።

የአየር መንገዱ አካሄድ ከዚህ ፍጹም የተለየ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 21 ቀን 1938 ዓ.ም ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋቁሞ፣ የመጀመሪያውን በረራ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አብራሪዎቹና አስተዳዳሪዎቹ በመጀመሪያ አሜሪካውያን ነበሩ። ነገር ግን ኢትዮጵያውያንን ማሠልጠን ከጅምሩ የሥራው አካል ስለነበረ፣ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በ1949 ዓ.ም ዲሲ-3 አውሮፕላንን በአዛዥነት ያበረሩ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። በ1963 ዓ.ም ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የድርጅቱ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ። ደብረ ማርቆስን ጨምሮ በየጠቅላይ ግዛቱ ሣር ሜዳ ላይ ያርፉ የነበሩት ዲሲ-3ዎች ለብዙ ወጣት አብራሪዎች ማሠልጠኛ ሆነዋል። በዚህ ድርጅት ውስጥ ደንቡ ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ፈተናው ቀን አለው፤ ሠልጣኙ መሪ የሚጨብጠው የአለቃው ፊት ስለበራ አይደለም። የአውራ ጎዳናውም ባለ ሥልጣን በአለምገና ባቋቋመው ማሠልጠኛ ወደዚሁ አቅጣጫ ተጉዟል። ልዩነቱ ከሰዎቹ ተሰጥኦ የመጣ አይደለም፤ ድርጅቶቹ ሥልጠናን እንደ ወጪ ወይስ እንደ ሥራ ቆጠሩት ከሚለው የመጣ ነው። አንድ ወይም ሁለት መኪና ያለው ባለንብረት ማሠልጠኛ ሊያቋቁም አይችልምና፣ ሸክሙ በሾፌሩና በረዳቱ ላይ መውደቁ አይቀርም።

መንግሥት በበኩሉ ሙያውን ወደ ጽሑፍ እየሳበው ነው። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 600/2000፣ እርሱንም የተካው ቁጥር 1074/2010፣ የትምህርት ደረጃን፣ በማሠልጠኛ ተቋም መሠልጠንንና የጽሑፍና የተግባር ፈተና ማለፍን ይጠይቃሉ። ዓላማው ትክክል መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ለዕቅድ አውጪዎች አንድ ጥያቄ ይተዋል። ከ5ኛ ወይም ከ6ኛ ክፍል አቋርጦ ለዐሥር ዓመት ረዳት የሆነ ሰው የዐባይን ቁልቁለት እያንዳንዱን መታጠፊያ ያውቃል፤ በሕግ ግን መሪ ሊጨብጥ አይችልም። ትምህርቱን ጨርሶ ጥቂት ወራት ሠልጥኖ ፈቃድ ያወጣው ደግሞ ቁልቁለቱን አይቶት ላያውቅ ይችላል። በ2000 ዓ.ም የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ሙያ የትም ይገኝ የት በምዘና ዕውቅና እንዲያገኝ መንገድ ከፍቷል። ለረዳቱ የጎደለው ምዘናው ብቻ ሳይሆን ወደ ምዘናው የሚያደርሰው የማታ ትምህርት ነው። መኪናው ቅዳሜ ይጁቤ፣ ማክሰኞ አዲስ አበባ በሚሆንበት ኑሮ፣ በሳምንት አምስት ማታ ተገኝ የሚል ፕሮግራም ለእርሱ የተዘጋጀ አይደለም። ባረፈበት ከተማ ሁሉ ሊቀጥለው የሚችል፣ በክፍል በክፍል የተቆራረጠ ትምህርት ቢዘጋጅ የተሻለ ነበር።

መምህሩ ግን ሥርዓቱ እስኪስተካከል ሳይጠብቅ ሊጀምረው የሚችለው ሥራ አለ፤ ይኸውም በወፍጮ ቤቱ ነው። ወፍጮ ቤት በየትኛውም የገጠር ከተማ አለ፤ በሩም ክፍት ነው። የሞተሩ መዘውር 20 ሳንቲ ሜትር፣ የወፍጮው 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ሲዞር ወፍጮው 600 ጊዜ ይዞራል። የ7ኛ ክፍል ተማሪ በክር ለክቶ ይህን ሊያሰላው ይችላል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ወፍጮ ጠባቂውን ፈቃድ መጠየቅና፣ ሞተሩ በቆመበት ሰዓት መለካት ይገባል። በሁለቱ መዘውሮች መካከል የሚሮጠው ችንጋ በሽቦ ወይም በጣውላ ካልተከለለ፣ እህሏን ለማስፈጨት የምትጎነበስ ሴት የነጠላዋን ጫፍ ቢይዝባት አይለቃትም። ልጆቹ የመዘውሩን ስፋት ከለኩ በኋላ የመከለያውንም ስፋት ለክተው ለወፍጮ ቤቱ ባለቤት ቢሰጡ፣ አንድ አናጢ በግማሽ ቀን ይሠራዋል።